ሩዝ በስሎው ኩከር ሠርቶ የተሳካለት አለ? የኔ ገንፎ ሆነ

እመ_ሶልያና · ማክሰኞ ከቀኑ 9:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬ የሌሊት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የማኅበር ተራዬ ይደርሳል። የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፣ 40 ሰው ገደማ ይመጣል። ቤቴ ያለው ስቶቭ ባለ አራት ነው፤ አራቱም ላይ ድስት ተጥዶ ያድራል። ዶሮው፣ ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጎመኑ። ሩዝ በአትክልት ካልሠራሁ ደግሞ ልጆቹ ምን ይበላሉ? እዚህ ያደጉት ግማሾቹ እንጀራውን በጣታቸው ገፋ ያደርጉና "ሩዝ የለም?" ነው የሚሉት።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ስትቀይር ስሎው ኩከሯን፣ ያን ቀስ ብሎ የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ድስት፣ ሰጠችኝ። ባለ 6 ኳርት (6 ሊትር ገደማ) ነው፣ ሞላላ። ትናንት ማታ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ሞከርኩት፦ 2 ኩባያ ጃስሚን ሩዝ፣ 4 ኩባያ ውሃ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት። ሎው (ዝቅተኛው ሙቀት) ላይ አድርጌው ሄድኩ። ጠዋት ስገባ ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ይሸታል። ክዳኑን ከፍቼ ማማሰያ ብሰካበት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳልይዘው! ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ባለቤቴ መሃሉን በማንኪያ ጎድጎድ አደረገና "ቅቤና በርበሬ አምጪ" አለኝ።

ምን አጠፋሁ? ወይስ ዕቃው ለሩዝ አይሆንም?

ቀጥታ_ተናጋሪ · ማክሰኞ ማታ 12:05

ራይስ ኩከር (የሩዝ ማብሰያ) ግዢ። 20 ዶላር ነው። ጨረስኩ።

ጅዳ_ነበርኩ · ማክሰኞ ማታ 1:20

ሃሃሃ ማማሰያው ቆመ ስትይ ሳቄ አመለጠኝ፣ ይቅርታ እህቴ። አይዞሽ፣ ያላበላሸ የለም።

መጀመሪያ ሩዙን ቀይሪ። ጃስሚን በባሕርዩ ተጣባቂ ነው። እኔ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ማዳሜ ለካብሳ (የዓረቦቹ ሩዝ በሥጋ) ሌላ ሩዝ አታስነካኝም ነበር፣ "ሰላ" ብቻ። ሰላ ማለት ከነገለባው ቀቀል ተደርጎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ የተፈተገ ባስማቲ ነው። ቀለሙ ወደ ቢጫ ይወስደዋል፣ ጥሬውን ስትነኪው እንደ ብርጭቆ ጠንካራ ነው። እዚያ አሜሪካም የህንድ ሱቅ ገብተሽ "ሰላ ባስማቲ" በይ፣ ያሳዩሻል። እሱን ብትረሺው እንኳ ቶሎ አይፈርስም። ለእንደኛ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ሩዝ ነው።

ቴርሞሜትር · ማክሰኞ ማታ 2:48

እመ ሶልያና፣ ዕቃው አልተበላሸም፣ ጊዜው ነው የበዛው። ትንሽ ላስረዳ፤ የሚሰለቸው ይዝለለው።

ሩዝ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠው ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ ሩዝ ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ስቶቭ ላይ 15፣ 20 ደቂቃ ነው። ስሎው ኩከር ደግሞ ኃይሉ አነስተኛ ነው፣ አብዛኛው ከ200 እስከ 300 ዋት ነው የሚበላው። የኔን አንዴ በቴርሞሜትር ለክቼዋለሁ። 4 ኩባያ የቧንቧ ውሃ ሎው ላይ 70 ዲግሪ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀበት። ያን ሁሉ ጊዜ ሩዙ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል። ከዚያ ይበስላል። ከበሰለ በኋላ አንቺ ገና ሥራ ላይ ነሽ፤ እሱም ሌላ አምስት ስድስት ሰዓት ይቀቀላል። ፍሬው ይፈነዳል፣ ስታርቹ ይወጣል፣ ማማሰያ ይቆማል።

ራይስ ኩከር ይህን የማያደርገው ዋት ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም። ሥሩ ያለው ማግኔት ሙቀት ያውቃል። ውሃ እስካለ ድረስ ድስቱ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ውሃው ተመጥጦ ሲያልቅ ሙቀቱ ከ100 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ማግኔቱ መያዙን ይተዋል፣ ቀጭ ይልና ወደ ዋርም (ሙቀት መጠበቂያው) ይዞራል። ስሎው ኩከር እንዲህ ያለ ጭንቅላት የለውም። "በቃ" የምትይው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ሦስት ነገር፦ ውሃውን በማንቆርቆሪያ አፍልተሽ ጨምሪ። ሃይ (ከፍተኛው ሙቀት) ላይ አድርጊ፣ ሎው እርሺው። አጠገቡም ሁኚ። ማታ አድርገሽ ጠዋት የምትመጪበት ምግብ አይደለም።

ቀጥታ_ተናጋሪ · ማክሰኞ ማታ 2:55

አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ ያልከው "ራይስ ኩከር ግዢ" ነው።

እመ_ሶልያና · ረቡዕ ጠዋት 1:30

@ቀጥታ_ተናጋሪ ወንድሜ፣ 20 ዶላሩ አይደለም የቸገረኝ። በ20 ዶላር የሚገኘው ለአራት ሰው ነው። እኔ 40 ነው ያልኩት። ካቢኔዬም ሞልቷል፤ ምጣዱ ብቻውን አንድ መደርደሪያ ይዞብኛል።

@ቴርሞሜትር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። የውሃው ልክስ? እናቴ በስልክ "እጥፍ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ብርጭቆ ውሃ" ትለኛለች። እሷ ያለችው አዲስ አበባ ነው።

ቴርሞሜትር · ረቡዕ ጠዋት 3:15

እናትሽ ልክ ናት፣ ለራሷ ድስት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ምናምን ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሩዙ ብዙ ይቆያል፣ ብዙ እንፋሎትም ይወጣል፣ ስለዚህ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። አንቺ ያለሽበት ከባሕሩ ብዙም አይርቅም። ስሎው ኩከር ደግሞ እንፋሎቱን አያስወጣም፤ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል። እኔ ለሰላ ባስማቲ ለ2 ኩባያ 3 ኩባያ ተኩል አደርጋለሁ፤ ላልተቀቀለው ተራ ባስማቲ፣ ግማሽ ሰዓት ከተዘፈዘፈ፣ 3 ኩባያ ይበቃዋል።

ጅዳ_ነበርኩ · ረቡዕ ጠዋት 4:02

ጤዛ ካልክ አይቀር እኔም ልጨምር። ማዳሜ የድስቱን ክዳን በንጹሕ ፎጣ ትጠቀልለው ነበር፣ ጫፎቹን ላይ እጀታው ጋ ቋጥራ። እንፋሎቱን ፎጣው ይጠጣዋል፣ ሩዙ ላይ ጠብ አይልም። ለስሎው ኩከርም ይሠራል። ጫፉ ግን ወደ ታች እንዳይንጠለጠልና የጋለውን እንዳይነካ ተጠንቀቂ።

ደግሞ ሩዙን እጠቢ በናትሽ። ሦስቴ፣ አራቴ፣ ውሃው ነጭ መሆኑን እስኪተው። አንዳንዱ እዚህ ሳያጥብ የሚሠራ አለ፣ ስሙን አልጠራም።

ቀጥታ_ተናጋሪ · ረቡዕ ጠዋት 4:10

ምን አየሽኝ? አጥባለሁ እኮ።

ዘሎድ · ረቡዕ ማታ 1:35

ሻሎም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከእስራኤል ነኝ፣ ሎድ ከተማ። "ሩዝ ተጥዶ አያድርም" ስትሉ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጎረቤቴ የኢራቅ አይሁድ ናት። ዓርብ ከሰዓት ዶሮ ውስጥ ሩዝ ትሞላለች፣ ዶሮውን ድስት ውስጥ አድርጋ በሩዝና በቲማቲም ትቀብረዋለች፣ ላዩ ላይ እንቁላል ከነቅርፊቱ ትደረድራለች። ሌሊቱን በለሆሳስ እሳት ያድራል። ቅዳሜ ቀን ይበላል። "ትቢት" ይሉታል። ሩዙ ታዲያ ፍሬ በፍሬ አይደለም፤ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ የዶሮውን ስብ የጠጣ ነው። ከሥር ያረረውን ለመብላት ልጆቿ ይጣላሉ።

ሰንበት እሳት አይለኮስምና ምግቡ ዓርብ ተጥዶ ነው የሚያድረው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ሀገር ቤት እያለን እንዲህ አልነበረም፤ ዓርብ የተሠራውን ቅዳሜ ቀዝቃዛውን ነበር የምንበላው። ትኩስ ነገር ሰንበት የለመድነው እዚህ ነው።

እንዲያውም ስሎው ኩከር የሚባለው ዕቃ ራሱ ከዚሁ ነው የመጣው። ኧርቪንግ ናክሰን የሚባል የቺካጎ አይሁዳዊ ነው የሠራው። ቤተሰቡ ሊትዌኒያ እያለ ለሰንበት ባቄላና ሥጋ በዳቦ ቤት ምድጃ እያሳደሩ ይሠሩ እንደነበር ሰምቶ ነው ይባላል። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪቫል የተባለ ኩባንያ "ክሮክ ፖት" ብሎ ለገበያ አወጣው። እና እመ ሶልያና፣ ዕቃሽ ባቄላ ማሳደሪያ ነው። ሩዝ ስትሰጪው ግራ ቢገባው አትፍረጂበት።

ወረታ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 3:20

ስለ ሩዝ ተወርቶ ፎገራ ሳይነሳ? አይሆንም።

እኛ ጋ ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች። ታዋቂው ዘር "ኤክስ ጅግና" ይባላል። ዛሬ ወረታ ዙሪያ ክረምት ሜዳው ውሃ ነው፣ ውሃው ሩዝ ነው። ሩዙን ፈጭተን ከጤፍ ጋር እንጀራ እንጋግረዋለን፤ ጠላም ይጠመቅበታል። ከተማ ያላችሁት "ሩዝ በካሮት" ብቻ ነው የምታውቁት።

የፎገራ ሩዝ ግን ፍሬው አጠር ያለ ነው፣ ተሰባሪም አለው፣ ሲቀቀል ይጣበቃል። ስሎው ኩከር ውስጥ ብትከተው ያ ማማሰያ ዕድሜ ልኩን ቆሞ ይቀራል። ለዚህ ሥራ እኔም ሰላውን እደግፋለሁ፣ ሆዴ እያረረ።

ሽማግሌው_ሼፍ · ሐሙስ ጠዋት 2:00

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ሁለት ኩባያ ታወራላችሁ። ልጅቷ 40 ሰው ነው ያለችው። ሂሳቡን የሠራ የለም።

ጥሬ ሩዝ ሲበስል ሦስት እጥፍ ይሆናል። ወጥና እንጀራ ባለበት ለአንድ ሰው የበሰለ ሦስት ሩብ ኩባያ ይበቃል፤ ልጅ ግማሽ ይበላል፣ ጎረምሳ ደግሞ የሌላውን ይደርባል። ለ40 ሰው 30 ኩባያ የበሰለ፣ ማለት 10 ኩባያ ጥሬ ያስፈልጋል። ባለ 6 ኳርት ዕቃ ቢሞላ 24 ኩባያ ነው የሚይዘው። 10 ኩባያ ጥሬ ከጨመርሽበት ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ከ5 ኩባያ ጥሬ በላይ አታድርጊበት። ሩዙ በጣም ከተከመረ ደግሞ ዳሩ ይፈርሳል፣ መሃሉ ጥሬ ጥሬ ይላል። የዚህ ዕቃ እሳት ከጎን ነው።

ሆቴል ስሠራ ለብዙ ሰው ሩዝ የምናደርገው በኦቭን ነበር። ጥልቅ ትሪ፣ ታጥቦ የጠለለ ሩዝ፣ የፈላ ውሃ፣ ቅቤ፣ ጨው። በፎይል ግጥም አድርጎ መሸፈን። 190 ዲግሪ፣ ያንቺ ኦቭን በፋራናይት ከሆነ 375። ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከዚያ አውጥቶ ሳይከፍቱ 10 ደቂቃ ማሳረፍ። ስሎው ኩከሩን ለሙቀት መጠበቂያ አድርጊው። ለዚህ ከእሱ የሚሻል ዕቃ የለም።

እመ_ሶልያና · ሐሙስ ጠዋት 5:45

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ሂሳቡን ባይነግሩኝ ኖሮ 10 ኩባያውን ልከምረው ነበር።

ኦቭኔን ግን ዳቦው ይይዝብኛል። ድፎ ነው፣ ለጠበሉ። እሑድ ጠዋት ነው የምጋግረው። ስለዚህ አንድ ስሎው ኩከር ከጎረቤት ልለምንና ሁለት ባደርገውስ? አምስት አምስት ኩባያ?

ወይስ ቅዳሜ ማታ በስቶቭ ሠርቼ፣ እዚያው ዕቃው ውስጥ አጥፍቼ አሳድሬው፣ ጠዋት ዋርም ብለው?

ነርስ_ነኝ · ሐሙስ ከቀኑ 7:10

የመጨረሻዋን ሐሳብ እባክሽ አታድርጊያት።

ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘሩ ይኖራል። ምግብ ማብሰል ያን ዘር አይገድለውም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲያድር ዘሩ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ይሠራል። የሚያስመልሰው መርዝ ደግሞ ጠዋት ብታሞቂውም አይጠፋም። እና "አሙቄዋለሁ" ማለት አያድንም። ለማኅበር ጠርተሽ 40 ሰው ማስመለስ!

ሕጉ ቀላል ነው። ወይ ትኩስ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ፤ ወይ ቀዝቃዛ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ገብቶ። ስታስገቢውም ድስቱን እንዳለ ሳይሆን ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተሽ፤ ክምሩ ውስጡ እስከ ንጋት ለብ ብሎ ይቆያልና። ዋርም የበሰለና የሞቀ ነገር ይጠብቃል እንጂ ከፍሪጅ የወጣ ሩዝ አያሞቅም። እሱን በስቶቭ ወይ በማይክሮዌቭ እስኪጤስ አሙቀሽ ነው የምትጨምሪው።

ሳሪስ_አቦ · ሐሙስ ማታ 2:30

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ እህቴ ከውጭ ይሄንኑ ዕቃ አመጣችልኝ። ሃይ ላይ አድርጌ 40 ደቂቃ ሲሆነው መብራት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ መጣ። የናንተን ሳነብ እንኳን ደፋሁት አልኩ። በነገራችን ላይ የአሜሪካውን ዕቃ እንዳለ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩ፣ የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ይህን በምን እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ።

ቀጥታ_ተናጋሪ · ሐሙስ ማታ 2:41

በምን አወቅክ?

ሳሪስ_አቦ · ሐሙስ ማታ 2:44

ጨሰ።

እመ_ሶልያና · ቅዳሜ ከቀኑ 8:20

ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

ሁለተኛ ሙከራ፣ ትናንት። ሰላ ባስማቲ ገዛሁ። 2 ኩባያ አጠብኩ፣ ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ። ዕቃውን ዳር ዳሩን ቅቤ ቀባሁት። ከዚያ ስልክ ተደወለልኝና እያወራሁ የቧንቧ ውሃ ጨመርኩበት። ቀዝቃዛውን! ሃይ ላይ ሁለት ሰዓት። ቶሎ ቶሎም እየከፈትኩ አየሁት። ዳሩ በስሏል፣ መሃሉ ጥርስ ይሰብራል።

ሦስተኛ፣ ዛሬ። ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ገባሁ። ያው 2 ኩባያ፣ 3 ኩባያ ተኩል የፈላ ውሃ። ሩዙን እየቆላሁ እያለ ዕቃውን ባዶውን ሃይ ላይ አድርጌ ለብ አስባልኩት። ሽንኩርትና ካሮቱን መጥበሻ ላይ በዘይት ጠበስ አድርጌ ነው የጨመርኩት፣ ትንሽ እርድ። ፎጣውን በክዳኑ ዙሪያ ቋጠርኩ። አልከፈትኩም። ልጄ ልትከፍት ስትል እጇን መታ አደረግሁት። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ስከፍት...

ፍሬ በፍሬ! ቢጫ፣ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ። በሹካ ገለበጥ ገለበጥ ሳደርገው የሚንሸራተት ነው። ከሥር ብቻ ስስ ቅርፊት ይዟል፣ እሱን ባለቤቴ ፋቆ በላው። ዘሎድ፣ አንቺን አስታወስኩሽ።

ጅዳ_ነበርኩ · ቅዳሜ ከቀኑ 8:35

እልልልል! ነገርኩሽ! ፎጣው ነው!

ቴርሞሜትር · ቅዳሜ ከቀኑ 8:50

የፈላው ውሃ ነው። ፎጣው አግዟል። ክዳን በከፈትሽ ቁጥር የሸሸውን ሙቀት ለመመለስ 15፣ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የሁለተኛው ሙከራሽ ግማሽ ጥፋት እሱ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዕቃው የውስጥ ሸክላ በጣም ግሎ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትጨምሪበት፣ ይሰነጠቃል። ስቶቭ ላይም አይጣድም።

እመ_ሶልያና · ቅዳሜ ከቀኑ 9:30

እሺ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከሩዙ ጋር ቀይ ቦሎቄ አብሬ ብጨምርስ? ሥጋ የማይበሉ ሁለት ልጆች አሉ፣ ያጠግባቸዋል ብዬ ነው።

ነርስ_ነኝ · ቅዳሜ ከቀኑ 9:52

የቆርቆሮውን ከሆነ ጨምሪ፣ እሱ የበሰለ ነው። ጥሬውን ግን በፍጹም። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ መርዝ አለ፤ የሚሰበረው በደንብ ሲንተከተክ ብቻ ነው። ስሎው ኩከር 80 ዲግሪ ላይ ቆሞ ሲያለሰልሰው መርዙ እንዲያውም ይብሳል። ቦሎቄው ሲበሉት ለስላሳ ነው፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ሆድ ይገለብጣል። አምስት ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ ውሃውን ደፍተሽ፣ በአዲስ ውሃ ስቶቭ ላይ ግማሽ ሰዓት አንተክትኪው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽበት አድርጊው።

ሽማግሌው_ሼፍ · ቅዳሜ ማታ 1:15

ልጄ፣ ጥሩ ሠርተሻል። ግን ሁለት ኩባያና አምስት ኩባያ አንድ አይደለም። የማኅበሩ ቀን ከመድረሱ በፊት አምስቱን አንዴ ሞክሪው። ውሃውን ስታበዢ በእጥፍ አትቁጠሪ፣ ትንሽ ቀንሺ፤ ዕቃው ሲሞላ የሚተነው ያንሳል። ለአምስት ኩባያ ስምንት ብለሽ ጀምሪ።

አዳራሹን ደግሞ ሶኬቱን እዪው። ትልቁ የቡና ማፍያ ብቻውን 1500 ዋት ይበላል። ከእሱ ጋር አንድ መስመር ላይ ሁለት ስሎው ኩከር ከሰካሽ ብሬከሩ ይወርዳል። ይወርዳልም ሳታውቂ ነው፣ ሩዙ ሲቀዘቅዝ ነው የምታውቂው።

እመ_ሶልያና · እሑድ ማታ 3:40 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ማኅበሩ ዛሬ ነበር። ተኝቼ ልነሳና ልጻፍ ብዬ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በጋሼ ምክር አምስት ኩባያውን ባለፈው ሳምንት ሞክሬው ነበር፤ ሁለት ሰዓት ጎደል ወሰደ፣ ለክፉ አይሰጥም። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ለኮስኩ። የኔውን ወጥ ቤት፣ የጎረቤቴን ሳሎን፣ መሬት ላይ ምንጣፉን ገልጬ። የኔው አማረ። የጎረቤቴ ግን ከኔው አዲስ ነው፣ ሙቀቱም ይበረታል መሰለኝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሳየው ከሥር መያዝ ጀምሯል። አጥፍቼ ከላይ ከላይ አነሳሁለት። ትንሽ ተጣብቋል፣ ግን ሩዝ ነው፣ ገንፎ አይደለም።

ሁለቱንም እንዳሉ በብርድ ልብስ ጠቅልለን መኪና ውስጥ አስገባን። ባለቤቴ መንገዱን ሁሉ እንደ ታቦት ተሸካሚ ቀስ ብሎ ነው የነዳው። አዳራሹ ስንደርስ የቡና ማፍያው ተሰክቷል። ሌላኛው ግድግዳ ሄድኩና ዋርም ላይ ሰካኋቸው። ብሬከር አልወረደም። ከጸሎቱ በኋላ ክዳኑን ስንከፍት አሁንም ይጤሳል፣ ሦስት ሰዓት ሞልቶታል።

ልጆቹ ተሰለፉ። የሚገርመው ግን አዋቂዎቹም ተሰለፉ። አንድ አባት ሳህናቸው ላይ ከዶሮው ጎን ሩዝ አስጨምረው "ይሄ ነገር በምን ተሠራ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ታዲያ ዶሮ ወጡንስ አይሠራም?" ብለውኛል። ዝም አልኩ፣ በማኅበር ቀን ክርክር አልፈለግሁም።

የጎረቤቴ ዕቃ ሥሩ ተዘፍዝፎ ያድራል። ነገ አጥቤ እመልሳለሁ፣ ድፎ ቁራሽ አብሬ።

ዘሎድ · እሑድ ማታ 4:05

እንኳን ደስ ያለሽ! ለዶሮ ወጡ ይሠራል፣ ሽንኩርቱን ስቶቭ ላይ አቁላልተሽ ከሆነ። ሳይቁላላ ከሆነ እኔን አትጥሪኝ።

ጅዳ_ነበርኩ · እሑድ ማታ 4:12

ዶሮ ወጥ በስሎው ኩከር?? አዲስ ክር ክፈቱ፣ እዚያ እንጣላ።

ቀጥታ_ተናጋሪ · እሑድ ማታ 4:30

ጎበዝ እህቴ። ሦስት ሳምንት፣ ሁለት ስሎው ኩከር፣ አንድ ፎጣ፣ የሳሎን ምንጣፍ። ባለ 30 ኩባያ ራይስ ኩከርም አለ እኮ።

እመ_ሶልያና · እሑድ ማታ 4:33

የት ነው የማስቀምጠው? ያንተ ካቢኔ ውስጥ?

ቀጥታ_ተናጋሪ · እሑድ ማታ 4:34

የኔም ሞልቷል።

አዲስ_ገቢ_7 · ሰኞ ጠዋት 3:10

ሰላም፣ ክሩን ሙሉ አነበብኩት። የኔ ባለ 3 ኳርት ክብ ነው፣ ለሁለት ሰው። ስንት ልጨምር? ሰላ አላገኘሁም፣ ተራ ባስማቲ ነው ያለኝ።

እመ_ሶልያና · ሰኞ ጠዋት 3:25

አንድ ኩባያ ተኩል ሩዝ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊና አጥልይው። የፈላ ውሃ 2 ኩባያ ከሩብ። ሃይ። አንድ ሰዓት ሲሆን አንዴ ብቻ እዪው። ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪ።